የጎደለው ችካል

ሥራዬ መቁጠር ነው፣ በቴማ ወደብ ላይ፤
ኮንቴነር በኮንቴነር፣ ከፀሐይ እስከ ፀሐይ፤
የገባውን፣ የወጣውን፣ ጉምሩክ የያዘውን፣
ባለቤቱ ጠፍቶ ዝገት የበላውን።
አንዲት ነገር ብቻ ከመዝገቤ የለችም፤
ብቆጥር፣ ብቆጥር፣ ድምሩ አይገጥምም።

ቀድሞ ቶርማን ነበር ስሟ፣ የቅል አገር ማለት፣
በየጎጆው ጣሪያ ሐረጉ ሲሳብባት፤
ቅሏ ለውኃ፣ ለዘይት፣ ለዘንባባ ጠጅ፣
ለመረብ ማንሳፈፊያ፣ መጫወቻ ለልጅ።
እንግዳ መጣና ምላሱ እምቢ ሲለው
«ቴማ» ብሎ ጻፈ፤ ማንም አላረመው።

ቀያሾች ደረሱ በአንድ የሐምሌ ጠዋት፣
ባለሦስት እግር መነጽር ተክለው በአሸዋው አናት።
ባሕሩን በአንድ ዓይን፣ መንደሩን በአንድ ዓይን
አዩና ደመሩ፤ ቀነሱ እኛን።

ከዚያ ችካል መጣ፣ ጫፉ ቀይ የተቀባ፤
በቅሉ ሐረግ መኻል፣ በመቃብሩ ሣር ገባ።
አያቴ ኮርኮር ዓሣ አጫሽ ነበረች፣
ነገር አታበዛም፤ ማገዶ ወደደች።
በቀን ይተክላሉ፣
በሌት ትነቅላለች፤
ደግመው ይተክላሉ፣
ደግማ ትነቅላለች፤
ከተማው ሳይቆም ገና ሩቡን አነደደች።

አንዱ ቀያሽ፣ አዳማፊዮ የሚሉት ጎልማሳ፣
በሳንቲም ገዛት ያጨሰችውን ዓሣ፤
ጣቱን ላሰና፦ «እመት፣ ይህ መዓዛ!
ምን ዓይነት እንጨት ነው፣ ጣዕሙ እንዲህ የበዛ?»
«ያንተው ነው» አለችው፣ ዓይኗን ከእሳቱ ሳታነሣ።

ሽማግሌ መከረ፦ «እኛስ እሺ ብንል፣
የሐይቁ ውቃቢስ እንዴት አድርጎ ይነቀል?»
ባለከረባቱ ሹም ብዕሩን አወጣ፦
«ለእነሱ ስንት የጭነት መኪና ይምጣ?»
ባለውቃቢው ሳቁ፦ «መኪናህን ተወው፤
በእግራቸው ይመጣሉ፣ ቀስ ብለው፣ ሲመቻቸው።»
እስከ ዛሬ ድረስ መንገድ ላይ ናቸው።
በአደባባዩ መብራት ሲጠፋ፣ መኪና ሲቆም ተጋፍቶ፣
«እነሱ ሲሻገሩ ነው» ይላል ሾፌሩ፣ ሞተሩን አጥፍቶ።

«ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል» ይባላል፤
ቅሉ ባገሩ ነበር፣ ድንጋዩ ግን መጥቷል፤
ከኮረብታ ተፈልጦ፣ ሌት ተቀን ተጭኖ፣
ባሕሩን ሊያቅፍ ሁለት ረጅም ክንድ ሆኖ።
ማዕበሉ ዛለ።
መርከብ ማረፊያ አገኘ።
መንደሩ በዶዘር ሲፈርስ ውሻ ብቻ ነው የጮኸ።

ከአዲሱ ሰፈር ባሕሩ ይሰማል፣ አይታይም፤
ቤቱ ሲሚንቶ፣ ባለቁጥር፣ በሩ የዞረው ወደ የትም።
ኮርኮር ምድጃዋን የምትተክልበት አጣች፤
ሳሎን ውስጥ ተከለች፣ ነጩን ቀለም አጠቆረች።

ከተማው አደገ። ስም ለማውጣት ጊዜ አጥቶ
ሰፈሩን በቁጥር ጠራ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሃያን ተሻግሮ፣ ሜዳውን በልቶ።
አሉሚኒየም አቅላጭ፣ ሲሚንቶ አቡኪ፣
ከሰሜን የመጣ በያጅ፣ ከቮልታ ማዶ መረብ ጠጋኝ፣
ማንም ስሙን ያልጠየቀው፤
አክራ ለእንቅልፍ የወሰደችው፣ ቴማ ለሥራ የጠራችው፣
ንጋት ላይ በትሮትሮ ታክሲ መስኮት ግንባሩን ያስደገፈው።
«የአክራ ሳተላይት» ይላሉ የተማሩቱ፤ ጨረቃ ማለታቸው ነው፣
በታላቂቱ ዙሪያ የምትዞር፣ ብርሃን የሌላት መስሏቸው።
ማታ መጥተው ይዩ፦ ከግንቡ ውጭ ወረፋ የሚጠብቁ መርከቦች
አምፖላቸውን አብርተው፣
ሌላ ከተማ ውኃ ላይ ተኝቶ፤
እንግዲህ የቷ ናት የማን ጨረቃ?

ኮርኮር ካረፈች በኋላ ዕቃዋን ስናወጣ
ከአልጋዋ ሥር፣ በጨርቅ የተጠቀለለች አንዲት ችካል ተገኘች፤
ጫፏ ቀይ፣ ጎኗ ላይ «መቶ አሥራ አራት»፤
ለምን እንዳላነደደቻት
አልነገረችን፣ እኛም አልጠየቅናት በሕይወት።
ቁጥሯን ይዤ አሮጌው ካርታ ላይ ፈለግኋት፤
አራተኛው መርከብ ማቆሚያ ላይ ናት፣
ክሬኑ ከሚዞርበት ሥር፣
ዛሬ ጥልቅ ውኃ ካለበት።

አሁን በራችንን ደግፋ ትይዛለች
የባሕር ነፋስ ሲመጣ፤
እሷን ተራምጄ ነው ጠዋት ጠዋት
ልቆጥር የምወጣ።
ከተማው ተሠርቶ አልቋል ይላሉ።
እኔ ቆጣሪ ነኝ፤
አንድ ይጎድላል።